በምግባችን ላይ ስለሚቀር የፀረ ተባይ መድኃኒት

በካምፑ ሬዲዮ በአማርኛ የጤና ዝግጅት የቀረበ ንግግር

 

ባለፈው ሳምንት በካኩማ ገበያ ውስጥ ሳልፍ፣ ለብዙ ዓመት ቲማቲምና ሽንኩርት ሲሸጡ የማውቃቸው አንዲት እናት ጠሩኝ። «ልጄ፣ በሬዲዮ ስለ ጤና የምታወራው አንተ ነህ አይደል?» አሉኝ። «አዎ እማማ» አልኳቸው። «እንግዲያው አንድ ነገር ንገረኝ። ፈረንጆቹ መድኃኒት በዝቶበታል ብለው የሚመልሱት አትክልት የት ነው የሚሄደው? ወደ እኛ ነው የሚመጣው?»

ወዲያው መልስ አልሰጠኋቸውም። «ለሳምንት በሬዲዮ እመልሳለሁ» ብዬ ነው የተለየኋቸው። ጥያቄያቸው ግን ቀላል አይደለም። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ለእርሳቸው መልስ እንዲሆን ነው ያዘጋጀሁት። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። በእኛ ቋንቋ ተባይ የሚገድለውን ኬሚካል «መድኃኒት» እንለዋለን። የነቀዝ መድኃኒት፣ የትኋን መድኃኒት፣ የአይጥ መድኃኒት። ይህ ስም ብዙ ሰው አዘናግቷል። መድኃኒት የተባለ ነገር ይፈውሳል እንጂ ይጎዳል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ነገሩ ግን መርዝ ነው። በልኩና በሥርዓቱ ሲሠራበት ሰብልን ያድናል፣ ያለ ልኩ ሲሆን ሰውን ይጎዳል። ገበሬው በሰብሉ ላይ ከረጨው ወይም ነጋዴው በእህሉ ላይ ከነሰነሰው ውስጥ እስከ ማዕዳችን ድረስ ተከትሎ የሚመጣው ትራፊ «ቅሪት» ይባላል። በምግብ ላይ እንዲገኝ የተፈቀደው ከፍተኛው የቅሪት መጠን ደግሞ በሕግ ይወሰናል። እኔ ለአነጋገር እንዲመች «ጣሪያ» እለዋለሁ።

ጣሪያው ምን ያህል ነው? ለምሳሌ በጎተራ ነቀዝ ለመግደል የሚያገለግለውን የክኒን ጋዝ እንውሰድ። የዓለም አቀፉ ጣሪያ በአንድ ኪሎ እህል ውስጥ 0.1 ሚሊግራም ነው። ይህ ቁጥር እንዲሁ ሲነገር ምንም አይታየንም። በሌላ መንገድ ላስረዳ። በ50 ኪሎ ጆንያ ውስጥ የሚፈቀደው በጠቅላላው 5 ሚሊግራም ነው ማለት ነው። አምስት ሚሊግራም በክብደቱ ከአሥራ አምስት ወይም ከሃያ የጤፍ ፍሬ አይበልጥም። አንድ ሙሉ ጆንያ እህል ባንድ በኩል፣ ሃያ የጤፍ ፍሬ ባንድ በኩል። በዓይን አይታይም፣ በምላስ አይለይም። መኖር አለመኖሩን የሚያውቀው ላቦራቶሪ ብቻ ነው።

ይህ ቁጥር ከየት ይመጣል? ሳይንቲስቶች መጀመሪያ ኬሚካሉን በእንስሳት ላይ ይሞክሩና ጉዳት ያላደረሰውን ከፍተኛውን መጠን ያገኛሉ። ያንን መጠን አብዛኛውን ጊዜ ለ100 ያካፍሉታል። ሰው ከእንስሳ ይልቅ ሊጎዳ ይችላል ብለው ለ10፣ ከሰውም ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና ሕመምተኛ ይበልጥ ሊጎዱ ይችላሉ ብለው እንደገና ለ10። በዚህ ዓይነት አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በየቀኑ ቢወስደው አይጎዳውም የሚባለው መጠን ይገኛል። ከዚያ ወደ እርሻው ይሄዳሉ። ገበሬው በዕቃው ላይ እንደተጻፈው በትክክል ቢረጭና የመጠበቂያውን ቀን ጠብቆ ቢሰበስብ በሰብሉ ላይ የሚቀረው ምን ያህል ነው ብለው ይለካሉ። ጣሪያው የሚወጣው በዋናነት ከዚህ ከእርሻው ልኬት ነው። ቀጥሎም ሰዎች በቀን የሚበሉት ሁሉ ተደምሮ ከፊተኛው መጠን አለማለፉ ይታያል።

እንግዲህ አንድ ምግብ ጣሪያውን አለፈ ሲባል የበላው ሰው ሁሉ ታመመ ማለት አይደለም። በመጀመሪያ የሚነግረን አንድ ሰው፣ ገበሬው ወይም ነጋዴው፣ ሥርዓቱን እንዳልጠበቀ ነው። ይህን የምለው እንድትዘናጉ ሳይሆን በከንቱ እንዳትሸበሩ ነው። «መርዝ አለበት» የሚል ወሬ ሰምቶ ለልጆቹ አትክልት መስጠት የተወ አባት አውቃለሁ። ልጆቹ በዚህ ተጎዱ እንጂ አልተጠቀሙም።

አሁን ወደ አገሮች ጉዳይ ልምጣ። የአንዱ አገር ጣሪያ ከሌላው ይለያያል። ተባዩ ይለያያል፣ የአየሩ ጠባይ ይለያያል፣ የሚበላውም ምግብ ይለያያል። አንዱ አገር ቁጥር ላልወጣለት ኬሚካል ሁሉ በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ብሎ ይዘጋል፣ ሌላው ከዚያ ብዙ እጥፍ ይፈቅዳል። ይህን ለማቀራረብ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በ1963 አንድ ኮሚሽን አቋቋሙ። ስሙ ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ ይባላል፤ በላቲን «የምግብ ሕግ መጽሐፍ» እንደማለት ነው። የሁለቱ ድርጅቶች ሊቃውንት እየተሰበሰቡ ጥናቱን ይመረምራሉ፣ አገሮች ተሰብስበው ቁጥሩን ያጸድቃሉ። ኮዴክስ በራሱ ማንንም አያስገድድም። ሆኖም የዓለም ንግድ ድርጅት በ1995 ሥራ ሲጀምር በወጣው ስምምነት፣ አንድ አባል አገር ከኮዴክስ የጠበቀ ሕግ አወጣለሁ ካለ ሳይንሳዊ ምክንያቱን እንዲያሳይ ተደንግጓል። እኛ ያለንበት የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብም ለበቆሎ የጋራ መመዘኛ አውጥቷል፤ በቅሪት ረገድም ወደ ኮዴክስ ቁጥር ይመራል።

ሕጉ ሩቅ ቢመስልም ወደ እኛ ቤት እንዴት እንደሚገባ በቡናችን ላይ የደረሰውን ላውጋችሁ። ጃፓን በግንቦት ወር 2006 ሕጓን ለወጠች፤ ቁጥር ባልወጣለት ኬሚካል ላይ ሁሉ 0.01 የሚለውን ጣሪያ ጣለች። በ2008 ከኢትዮጵያ በተላከ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘሁ ብላ ምርመራዋን አጠበቀች፤ የቡናው ንግድም ክፉኛ ተመታ። ጃፓን በዚያን ጊዜ ከቡናችን ዋና ዋና ገዢዎች አንዷ ነበረች። የሚገርመው ግን አብዛኛው ገበሬያችን ቡናውን መድኃኒት አይረጭም፤ የሚገዛበት ገንዘብም የለውም። ጣት የተቀሰረው ወደ ጆንያው ነበር። ቡናው ከኬሚካል ጋር በተነካካ ጆንያ ተሞልቶ ሄደ ተባለ። ገበሬው ባልረጨው መድኃኒት ገበያውን አጣ።

ይህን ታሪክ ስሰማ ትዝ ያለኝ የራሳችን ቋንቋ ነው። የላስቲክ ከረጢቱን ራሱን «ማዳበሪያ» ብለን እንጠራው የለም ወይ? መጀመሪያ ማዳበሪያ ሞልቶ መጣ፣ ከዚያ ስንዴ ሞላንበት፣ ከዚያ ከሰል፣ ከዚያ እንደገና ዱቄት። ከረጢቱ ከየት እንደመጣ፣ በፊት ምን እንደያዘ የሚጠይቅ የለም። ጃፓኖች ጠየቁ፣ እኛ ግን በየቤታችን አንጠይቅም።

አሁን የእማማን ጥያቄ ልመልስ። ኬንያ ወደ አውሮፓ ፎሶሊያና አተር ትልካለች። ዳይሜቶኤት የተባለው ኬሚካልና ሌሎችም ከጣሪያው በላይ እየተገኙ ስላስቸገሩ፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2013 ከእነዚህ አትክልቶች ከየመቶው ጭነት አሥሩ እንዲመረመር አዘዘ። ያን ጊዜ ብዙ አነስተኛ ገበሬዎች ከንግዱ ወጡ፤ የቀሩት ደግሞ መቼ እንደረጩ፣ ምን እንደረጩ በመዝገብ መያዝ ጀመሩ። እዚያ ወደብ ላይ የተያዘ ጭነት ብዙውን ጊዜ እዚያው ይወገዳል። ስለዚህ እማማ፣ የምንበላው ከአውሮፓ የተመለሰውን አይደለም። የምንበላው መጀመሪያውኑ ወደዚያ መንገድ ያልገባውን ነው። ከኪታሌ በጭነት መኪና ሌሊቱን ተጉዞ ጠዋት ካምፑ የሚደርሰው ቲማቲም፣ ሱኩማ ዊኪና ጥቅል ጎመን እንደ ፎሶሊያው መቶ ጊዜ አይመዘንም። ኬንያ ሕግ የላትም ማለቴ አይደለም። የፀረ ተባይ ምርቶችን የሚቆጣጠር ቦርድ አላት፣ የእፅዋት ጤና ተቋም አላት፣ የደረጃዎች ቢሮም አላት። ነገር ግን የውጭው ገዢ ዕቃውን ይመልሳል፣ እኛ አንመልስም፤ ቁጥጥሩም የሚጠብቀው ገዢው በሚጮህበት በኩል ነው። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ የተሳሳትኩ ከሆነ በደስታ እታረማለሁ።

አገራችንም ቢሆን ከዚህ የተለየች አይደለችም። በጅማ ዞን ከተወሰዱ የጤፍ፣ የበቆሎ፣ የበርበሬና የቡና ናሙናዎች ላይ ዲዲቲና ሌሎች ቅሪቶች መገኘታቸውን የሚያሳይ ጥናት በ2014 ታትሟል። ዲዲቲን ለእርሻ መጠቀም በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ነው፤ የተፈቀደው እንደ ወባ ያሉ በሽታዎችን የሚያስተላልፉ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ ነው። በጫት ላይም ተገኝቷል። ጫት ሳይበስል፣ ብዙ ጊዜም ሳይታጠብ እንደሚቃም ለእናንተ መንገር አያሻኝም።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው ግን የኢራቅ ታሪክ ነው፤ እርዳታ ተቀብሎ ለሚኖር ሰው የቅርብ ነገር ነውና ልብ ብላችሁ ስሙት። በ1971 ኢራቅ ከድርቅ በኋላ ለዘር የሚሆን ብዙ ሺህ ቶን ስንዴና ገብስ ከውጭ አስገባች። ዘሩ ሻጋታ እንዳያበላሸው የሜርኩሪ ኬሚካል ተቀብቶ፣ ለምልክትም ቀይ ቀለም ተነክሮ ነበር። በጆንያው ላይ የነበረው ማስጠንቀቂያ በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። የኢራቅ ገበሬ ይህን ከየት ያነብባል? ወደ አንዳንድ ቦታ ዘሩ የደረሰው የመዝሪያው ወቅት ካለፈ በኋላ ስለነበር፣ የተራበ ቤተሰብ ፈጭቶ ጋገረው። አንዳንዶቹ ብልህ ነበሩ፤ መጀመሪያ ለዶሮ ሰጥተው አዩ። ዶሮዎቹ በጥቂት ቀን ውስጥ ምንም አልሆኑም። ሌሎች ቀዩን ቀለም አጥበው አስለቀቁት። ቀለሙ ለቀቀ፣ መርዙ አልለቀቀም። የሜርኩሪ ሕመም ከሳምንታት በኋላ ነው የሚወጣው፤ መደንዘዝ፣ ሚዛን ማጣት፣ የዓይን መጥፋት። 6,530 ሰው ሆስፒታል ገባ፣ ከእነዚህም 459 ሞቱ። ቤቱ የሞተው አልተቆጠረም።

እነዚያ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ጠይቀዋል፣ ሞክረዋል፣ አጥበዋል። የጎደላቸው በቋንቋቸው የተጻፈ አንድ መስመር ነው። የአገሮች ሕግ ይቀራረብ፣ ምልክቱ አንድ ይሁን የሚባለው ለነጋዴ ጥቅም ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

እኛስ? በጓሯችንና አፈር በሞላንበት ጆንያ ለምንተክለው አትክልት ዘር ሲታደለን፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተነከረ ከሆነ ለመዝራት ብቻ ነው። የበቆሎ ዘር ቢተርፋችሁ አትቀቅሉት፣ አታስፈጩት፣ ለዶሮም አትስጡት። አጥቦ መብላት የሚባል ነገር የለም። ከያዛችሁ በኋላም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ከእርዳታ የሚሰጠን እህል ሲገዛ መመዘኛው ወደ ኮዴክስ ጣሪያ የሚመራ ነው፤ ናሙናም ይወሰዳል። የእኔ ስጋት እዚያ ላይ አይደለም። ስጋቴ እህሉ ቤታችን ከገባ በኋላ ነው። ነቀዝ ሲያስቸግር ከሱቅ የምትገዙት ግራጫ ክኒን፣ እርጥበት ሲነካው የሚገድል ጋዝ ይለቅቃል። ሽታው እንደ ነጭ ሽንኩርት ወይም እንደ ከረፋ ዓሣ ነው፤ አንዳንዴ ግን ሳይሸት ይገድላል። ማርከሻም የለውም። ይህ ክኒን የተሠራው ሰው ለማይተኛበት፣ በሸራ ተሸፍኖ ለሚታሸግ መጋዘን ነው። በእኛ ቤት እህሉ ከአልጋው ሥር ነው፣ ልጆቹም አልጋው ላይ። ክኒኑን በምንተኛበት ክፍል ውስጥ ካለ ጆንያ አታስገቡ፤ በዚህ ላይ «ግን» የሚባል ነገር የለኝም። ማላታይን ዱቄትም እንደዚሁ በእፍኝ ተለክቶ የሚነሰነስ አይደለም። እህሉን ፀሐይ ላይ አስጥቶ በደንብ ማድረቅ፣ መንፋት፣ ደረቅና ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ማስቀመጥ፣ አሮጌውን ከአዲሱ አለመቀላቀል፤ እናቶቻችን ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ካኩማ ደግሞ ፀሐይ አልተቸገረችም።

ሁለተኛው ጀሪካን ነው። በሐምሌ 2013 በሕንድ ቢሃር ግዛት አንድ ትምህርት ቤት ምሳ የበሉ 23 ሕፃናት ሞቱ። ምግቡ በተሠራበት ዘይት ውስጥ ሞኖክሮቶፎስ የተባለ ፀረ ተባይ ተገኘ፤ ዘይቱም መርዙ በነበረበት ዕቃ ሳይቀመጥ እንዳልቀረ ተነገረ። በገበያችን ያገለገለ ጀሪካን በርካሽ ይሸጣል። ጀሪካን ስትገዙ አሽትቱት፣ የተላጠ ወረቀት ወይም የራስ ቅል ምልክት ካለበት ተዉት። «በኦሞ አጥቤዋለሁ» ብሎ ሻጩ ቢምልላችሁም ተዉት። ፕላስቲክ መርዝ ይመጥጣል፤ ውኃው ከገባበት በኋላ ደግሞ ቀስ እያለ መልሶ ይሰጣል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ቀድዳችሁ ከጥቅም ውጭ አድርጉት፤ አታቃጥሉት፣ ጭሱም መርዝ ነውና።

አትክልቱንስ? ቲማቲም ላይ ነጭ ወይም ቢጫ የደረቀ ነጠብጣብ ካያችሁ የርጭት ምልክት ሊሆን ይችላል። ይህ ከላይ ያለ ስለሆነ በሚወርድ ውኃ እያሹ ማጠብ ብዙውን ያስለቅቃል። ውኃ በወረፋ እንደምናገኝ አውቃለሁ፤ ሁለት ጊዜ በትንሽ ውኃ ማጠብ አንድ ጊዜ በብዙ ውኃ ከመዘፍዘፍ ይሻላል፤ ያጠባችሁበትን ደግሞ ለጽዳት ተጠቀሙበት። በሳሙና አትጠቡ። የጥቅል ጎመንን የላይኛውን ቅጠል ጣሉ። ነገር ግን ወደ ተክሉ ሥጋ የሚገባ መድኃኒት አለ፤ ያንን ውኃ አያወጣውም። እርሱን የሚያወጣው ቀን ብቻ ነው። በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ ከረጩ በኋላ ሦስት ቀን፣ ሰባት ቀን፣ አሥራ አራት ቀን ጠብቁ የሚል ተጽፎ ይገኛል። ዛሬ ረጭቶ ነገ የሚለቅም ገበሬ ይህን ነው የሚሰርቀን። በጓሯችሁ የምትረጩም ካላችሁ ቃሉ ለእናንተም ነው።

መመረዝን እንዴት እናውቃለን? ምራቅ መዝረብረብ፣ ላብ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ መጥበብ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥ፣ የትንፋሽ ማጠር። በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ እንዲህ ከሆነ ወባ ነው፣ ጨጓራ ነው እያላችሁ አትቆዩ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ክሊኒክ ውሰዷቸው። እንዲያስመልሱ ጣት አታስገቡ። ወተትም ሆነ ዘይት አትስጡ፤ ወተት መርዝ ያረክሳል የሚለው ልማድ ብቻ ነው፤ ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ ትን ሊለው ይችላል። ልብሱ ላይ ከፈሰሰ አውልቁለት፣ ገላውን በሳሙና እጠቡ፣ የምታጥቡትም እጃችሁን በላስቲክ ሸፍኑ። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት። የመድኃኒቱን ዕቃ ወይም ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ፤ ቢቀደድም ቁራጩን ይዛችሁ ኑ። ለሐኪሙ ትልቁ እርዳታ እርሱ ነው።

እማማ፣ የእርስዎ ድርሻም አለ። ከመኪናው ሲረከቡ አምጪውን «ይህ ቲማቲም መቼ ነው የተረጨው?» ብለው ይጠይቁት። መጀመሪያ ይስቅብዎታል። ከእርስዎ ቀጥለው ያሉት ሻጮችም እንዲሁ ቢጠይቁት ግን በሚቀጥለው ጊዜ ገበሬውን ጠይቆ ይመጣል። የፎሶሊያው መዝገብም የጀመረው ገዢው ስለጠየቀ ነው።

በእጃችሁ በእንግሊዝኛ ወይም በስዋሂሊ የተጻፈበት የፀረ ተባይ ዕቃ ካለ፣ ሳትከፍቱት በላስቲክ ጠቅልላችሁ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ጣቢያችን ብቅ በሉ፤ አንብበን በአማርኛ እንጽፍላችኋለን። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ውኃ ማጠራቀሚያ ንጽሕና ይዤ እቀርባለሁ። እስከዚያው ደህና ሁኑ።